አድራሻው አይታወቅም

ሰለሐዲን የጠፋው በገዛ ፈቃዱ ነው። ቀኑ ይታወቃል፤ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ መጀመሪያ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። ቦታውም ይታወቃል፤ ዱባይ፣ ሙሀይስና፣ ስምንት ሰው ያድርበት በነበረ ክፍል ውስጥ፣ ከላይኛው አልጋ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ። ሌላውን ሰው ባሕር ያጠፋዋል፣ በረሃ ያጠፋዋል፣ ሴትም ታጠፋዋለች። እሱን ያጠፋው ቅጽ ነው።

ከመጋቢት ጀምሮ ሥራ አልነበረውም። አል ሪጋ ላይ ብርቱካንና አቮካዶ ሲጨምቅ የኖረበት ካፌ ኮሮና ገባ ሲባል ተዘጋ። ባለቤቱ "ሁለት ሳምንት ነው፣ ታገሡ" ብሎ በሩን ቆለፈና በመጨረሻው አውሮፕላን ወደ አገሩ በረረ። ሁለቱ ሳምንት ይኸው ሦስት ወር ሆኗቸው ገና አላለቁም። በየአልጋው ከሚከራየው ክፍል ስምንት አልጋዎች ስድስቱ ባዶ ቀርተዋል፤ ገሚሱ ሰው አገሩ ገባ፣ ገሚሱ ኪራይ ይረክሳል ብሎ ሻርጃ ተሻገረ።

ከሰለሐዲን ሥር፣ ታችኛው አልጋ ላይ፣ ቸኮል አለ። ቸኮል የጎጃም ልጅ ነው፤ አል ባርሻ አንዲት ማዳም ዘንድ ሹፌር ነበር። ማዳም ከቤት መውጣት ስትተው እሱም መንዳት ተወ። ሁለቱም፣ በጎ አድራጊዎች በሳምንት አንዴ በመኪና የሚያድሉትን ሩዝና ምስር እየቀቀሉ፣ ስለ ሩዝና ምስር እያወሩ ይውላሉ።

የሰለሐዲን እናት ሰዓዲያ ደቡብ ወሎ፣ ሾላ ውኃ የሚባል ቀበሌ ውስጥ ሽንኩርት ታመርታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን በእኩል ነው የምታሳርሰው። በዚያ ዓመት ሽንኩርቱ የደረሰው ልክ ገበያ በተከለከለበት ሰሞን ሆነና ማሳ ላይ በሰበሰ። ልጇም መላኩን አቆመ። በዚህ መሐል፣ በኮሮና ምክንያት ምርታቸው ለተበላሸባቸው ገበሬዎች በሦስት ዙር የሚከፈል የመንግሥት ድጋፍ መጣ ተባለ። ስም ዝርዝሩ እንደ ወጉ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ አንድ ስም ሲጠራ "አይገባውም" የሚል ሰው እጁን ያወጣል። ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ያውቃል ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። ጎረቤት ከራሱ ጓዳ ይልቅ የሚያውቀው እሱን ነው።

ያን ረቡዕ ሚስኮል ያደረገችው ፋሪዳ ናት። ፋሪዳ ታናሽ እህቱ ናት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶባት እቤት የዋለች፣ በእናቷ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ አዛዥ የሆነች። ወዲያው መልሶ ደወለ።

"ተነበበ?" አላት።

"ተነበበ፣ ወንድምዓለም። እጅ ወጣ።"

"የማን እጅ?"

"ያላወጣውን ብነግርህ ይቀላል።"

"ምን ብለው?"

"'ልጇ ዱባይ ነው' ብለው። ሥራ የለውም ብዬ ተነሣሁ። ሳቁብኝ። 'ዱባይ ሥራ ከሌለ የት ሊኖር ነው?' አሉ። ዐብዱልአዚዝ ደግሞ ያን ፎቶህን ከስልኩ አውጥቶ ለሕዝቡ አሳየ።"

ዐብዱልአዚዝ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው። ፎቶው ደግሞ ሰለሐዲን አምና ነጭ መኪና ተደግፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ የተነሣው ነው። መኪናው የቸኮል ማዳም ነው። መነጽሩ የቸኮል ነው። ከሥሩ "ለሁሉም ጊዜ አለው፣ አልሐምዱሊላህ" የሚለው ጽሑፍ ብቻ የራሱ ነበር።

"መኪናው የኔ አይደለም አላልሽም?"

"አልኩ። 'በሰው መኪና ላይ እንዲህ ተዝናንቶ የሚደገፍ የለም' አሉኝ።"

ቅሬታ እስከ ዓርብ ይቀርባል፤ ለዚያም ቅጽ አለው። ፋሪዳ ቅጹን ቃል በቃል አነበበችለት። ልጁ ውጭ አገር ላለ ገበሬ ሦስት ሳጥን ተዘጋጅቷል፤ አንዱ "ይረዳል"፣ ሁለተኛው "በሕይወት የለም"፣ ሦስተኛው "አድራሻው አይታወቅም"።

"'አለ፣ ግን የለውም' የሚል ሳጥን የለም?"

"ዐብዱልአዚዝን ጠየቅኩት። 'እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ቅጹን ያዘጋጁት አልሰሙም' አለኝ።"

ቸኮል ከታች ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ምስጢር የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

"ሙትላቸው" አለ።

"ምን?"

"ሁለተኛው ሳጥን። ሙትና ይረፉ።"

"ዝም በል አንተ። ከሞትኩ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ድንኳን አለ፣ ሰደቃ አለ፣ አገር ይመጣል። የሚሰጧት ብር ለኔው ሰደቃ ያልቃል።"

ቸኮል ትንሽ አሰበ። "እውነትህን ነው። እንግዲያው ጥፋ። መጥፋት ወጪ የለውም።"

ሰዓዲያ ስልኩን ከፋሪዳ እጅ ተቀበለች።

"ሕያው ልጄን ጠፋ ብዬ ልፈርም?" አለች። "ሟርት ነው።"

"ወረቀት ነው እኮ እማዬ።"

"አባትህም መጀመሪያ የሞተው ወረቀት ላይ ነው። ሐኪም ቤት ጻፉና ሰጡን፤ በሳምንቱ ወረቀቱ ያለው ሆነ።"

ይህን ብላም ግን ቅጹን እምቢ አላለችም። ጎታው ውስጥ የቀረው ማሽላ ስንት ቀን እንደሚያደርስ ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ውሏን ተናገረች። ብሩ በገባ ቁጥር ሚስኮል ታደርጋለች፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ ይቆማል። እሱ እንዳያነሣ፣ እንዳይደውል። ዐብዱልአዚዝ በየዙሩ ቤት ለቤት እየዞረ ያጣራል፤ ዋሽቶ የገባን ሰው የጠቆመ ደግሞ በሱ ፋንታ ይገባል ተብሏልና ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮ ሆኗል።

"እስከ መቼ?" አላት።

"ሦስተኛው ዙር እስኪከፈል። አምስት ወር፣ ስድስት ወር ቢሆን ነው" አለች። "ሚስኮሌን ስታይ ግን፣ ልቤ ጠፍተሃል ብሎ እንዳላመነ እወቅ።"

ጠፋ።

ሰለሐዲን ዘንድ ዓርብ ማለት ከጁሙዓ መልስ ለእናቱ የሚደውልበት ቀን ነበር። ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ላሚቱ፣ ማን አገባ፣ ማን ታመመ። አሁን ጁሙዓውም በኮሮና ተከልክሏል፣ ስልኩም በቅጽ ተከልክሏል፤ ዓርብ ልክ እንደ ማክሰኞ ሆነ። አንዳንዴ ቁጥሯን እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ ይጽፈውና መልሶ ያጠፋዋል። አንዳንዴ በአውቶቡስ አል ሪጋ ድረስ ይሄድና የተዘጋውን ካፌ በመስታወቱ ያያል፤ ባንኮኒው ላይ ባለቤቱ የረሳቸው ብርቱካኖች ተጨማደው ተጨማደው የኮክ ፍሬ መስለዋል። ሰው በሁለት ሜትር እየተራራቀ ያልፋል። ሰለሐዲን ይህን ሕግ ሲያይ ይገርመዋል፤ እሱን ለመራቅ ማንም ሕግ አላስፈለገውም።

አንድ ቀን ቸኮል ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሰምቶ "ድምፁን ከፍ አድርገው" አለው። የማያውቃት የጎጃም ሴት ስለ በቆሎ ዋጋና ከመንጋ ስለ ተለየ አንድ በግ ስታወራ ግማሽ ሰዓት አዳመጠ። በሳምንቱ ቸኮል ስልኩን ሲያነሣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ "በጉ ተገኘ ወይ በላት" አለው ከላይ ሆኖ።

ወሬ እንደ ሰው አይጠፋም። ከሾላ ውኃ ተነሥቶ በሦስት ሳምንት ሻርጃ ደረሰ። ሙሐመድአወል የሚባል የአገሩ ልጅ፣ ሻርጃ ውስጥ ሱቅ ጠባቂ፣ ደወለለት።

"ዋላሂ ሰሌ፣ ጠፍተሃል ሲሉ ሰማሁ።"

"አልጠፋሁም። ይኸው አነሣሁልህ።"

"እሱማ አነሣህ። ግን ጠፍቷል ነው የሚሉት።"

"ሙሐመድአወል፣ አምና ረመዳን አብረን አፍጥረናል።"

"አምና አልጠፋህም ነበራ።"

ስለ ቅጹ ሊነግረው አሰበ። ሙሐመድአወል ግን ጠዋት የነገሩትን ከሰዓት ሾላ ውኃ የሚያደርስ ሰው ነው፤ ዝም አለ። ዝምታው ለሙሐመድአወል በቂ መልስ ሆነው፤ ይሄ ሰው አንድ ሙሽኪላ፣ አንድ ጣጣ ውስጥ ገብቷል። ወይ ቁማር ነው፣ ወይ መጠጥ ነው፣ ወይ በድብቅ አግብቷል። ለዐረፋ የአገሩ ልጆች ሻርጃ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው በግ ሲበሉ ማንም አልጠራውም። ፎቶውን ስልኩ ላይ አየ፤ አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ትሪ። ከመሐላቸው አንዱ ከሱ የተዋሰውን ሸሚዝ ለብሷል፤ ሸሚዙን ሳይመልስ የቀረው ሰውዬው ነው፣ ጠፋ የተባለው ግን እሱ ሆነ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስልኩ አንድ ጊዜ ጠርቶ ቆመ። ሰለሐዲን ቁጥሩን አይቶ ከአልጋው ተነሣ፣ ተመልሶም ተቀመጠ። "ገባላት" አለው ቸኮልን። ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያወጣ ያቺን ያልተመለሰች ጥሪ ያያት ነበር። ሁለተኛዋ የመጣችው መስከረም ላይ፣ አንድ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ሲያጥብ ነው፤ እጁ አረፋ ስለ ነበር በክርኑ ኪሱን ነክቶ መንዘሩን ብቻ ሰማ። ያ የእጥበት ሥራ ሁለት ሳምንት ቆየና ፈቃድ የለህም ተብሎ ተባረረ።

ሦስተኛዋ ሚስኮል ኅዳር አሥራ ሰባት፣ ሐሙስ ጠዋት ደረሰች። ሦስቱ ዙር አለቀ ማለት ነው። ሰለሐዲን ያን ቀን አልደወለም፤ ዓርብን ጠበቀ። ዓርብ ታጠበ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ሽቶ ተቀባ።

"ለባለ ቁልፍ ስልክ ነው ሽቶ የምትቀባው?" አለው ቸኮል። ምስር ላይ የሚጥለውን ሽንኩርት እየላጠ ነበር።

ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ተነሣ።

"ሃሎ" አለች እናቱ።

"እማዬ" ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"ስልክ ተሳስተሃል" አለች። ድምፅዋ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የምትናገርበት ነው። "እዚህ ያለነው እኔና ዐብዱልአዚዝ የግብርናው ነን። አራተኛ ዙር ተጨምሯል ብሎ ሊያጣራ መጥቶ ነው።"

የወንድ ድምፅ ወደ ስልኩ ቀረበ።

"ማነው፣ እማማ ሰዓዲያ? ቁጥሩ የዓረብ አገር ነው እኮ። እስቲ ድምፁን ከፍ ያድርጉት።"

አንድ ቁልፍ ተጫነች። ንፋስና የዶሮ ድምፅ አብረው ገቡ።

"ማን ልበል?" አለ ዐብዱልአዚዝ።

ሰለሐዲን ወደ ታች አየ። ቸኮል ቀና ብሎ ያየዋል።

"ቸኮል" አለ። "ቸኮል እባላለሁ። ከጎጃም ነኝ።"

ታች ያለው ቢላዋ ቆመ።

"ማንን ፈልገህ ነው?"

"እናቴን። አንድ ቁጥር አሳስቼ ይሆናል።"

"ከጎጃም የት?"

ሰለሐዲን ስለ ጎጃም የሚያውቀው ያቺን በግ ብቻ ነው። ቸኮል በከንፈሩ "ደጀን" አለለት።

"ደጀን።"

"አነጋገርህ ግን ወደኛ ወደ ወሎ ይሄዳል።"

"ከወሎዎች ጋር ነው የምኖረው።"

ዐብዱልአዚዝ ወረቀት ሲገልጥ ተሰማ። "በል፣ ተሳስተሃል። ያላ፣ ዝጋው" አለ፤ ዓረብኛዋን የተማራት ለዚህ ቀን ይመስል።

"ተወው እንጂ" አለች ሰዓዲያ። "ሰው ከዚያ ድረስ ደውሎ ደኅና ነህ ወይ ሳይባል ጆሮው ላይ ይዘጋል? በደጄ ቢያልፍ ውኃ አላጠጣውም? ቸኮል፣ ጾም ላይ ናችሁ አይደል?"

ቸኮል ራሱን ነቀነቀ።

"አዎ፣ እማማ" አለ ሰለሐዲን። እማማ ብሏት አያውቅም ነበር።

"ምን ትበላለህ?"

"ምስር።"

"ምስር ብቻ?"

"ሩዝም አለ።"

"ድምፅህ ከስቷል" አለች። "ለእናትህ ከደወልክላት ስንት ጊዜ ሆነህ?"

"ስድስት ወር ሊሞላኝ ነው።"

"አትቀየምህም። እኔም ልጅ ነበረኝ፣ እዚያው አገር። ጠፋ።" ይህን ስትል ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ለኮሚቴው ስትለው ለምዳዋለች። ሰለሐዲን ግን ከሷ አፍ ሲሰማው የመጀመሪያው ነው። "ጠይም ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለችው፣ ልጅ ሆኖ ከአህያ ወድቆ። ካገኘኸው ሽንኩርቱ ዘንድሮ በቅሏል በለው። ላሚቱ ወለደች በለው። ፋሪዳ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ ጭንብሏን አድርጋ ስትወጣ ሽፍታ ትመስላለች በለው። ጉልበቴንም ተሽሎኛል።"

"ካየሁት እነግረዋለሁ" አለ። እጁ ግራ ቅንድቡ ላይ ነበር።

"እማማ፣ ገና ስድስት ቤት ይቀረኛል" አለ ዐብዱልአዚዝ። አልተቆጣም። እንደ መጀመሪያውም አልቸኮለም።

"ልመርቀውና ይሂድ። ቸኮል ልጄ፣ አላህ ሥራ ይስጥህ። የነካኸው ይባረክ። ሹም ፊት ሞገስ ይስጥህ። የሰው አገር ክፉ አይይህ።"

"አሚን" አለ ሰለሐዲን።

"አሜን" አለ ቸኮል ከታች፣ ግማሽ የተላጠውን ሽንኩርት በሁለት እጁ ወደ ላይ ይዞ። ስሙ ተጠርቷላ።

ምርቃቱ ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ቸኮልን አጅማን ውስጥ ውኃ የሚያከፋፍል ድርጅት ለሹፌርነት ጠራው፤ ማደሪያም አለው። ሰለሐዲን ልብሱን ሲያጣጥፍለት ዋለ።

"አልሰረቅኩህም" አለ ቸኮል። "በስሜ የመጣ ነገር ፈርሜ ወሰድኩ።"

"ያንተ እናት እኮ ሰለሐዲን ብላ መርቃኝ አታውቅም።"

"እነግራታለሁ። የኔዋ ግን ምርቃቷ ቶሎ አይደርስም፤ በጉም አልተገኘ።" በሩ ላይ ቆመና ምድጃውን አየ። "ድስቱን ትቼልሃለሁ። ክዳኑ ያፈሳል፤ ጨርቅ አድርግበት።"

ሄደ። ስምንት አልጋ፣ አንድ ሰው። ሰለሐዲን የመጀመሪያውን ቀን ከላይኛው አልጋ መውረድ አልሆነለትም፤ ታች ሰው ያለ ይመስል እግሩን እየሰበሰበ ነበር የሚገለባበጠው።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ለጁሙዓ ከተከፈተው መስጊድ ሲመለስ፣ ደወለ።

"ቸኮል ነህ?" አለች ቀድማ።

"ሰው አለ?"

"የለም። ግድግዳው ግን የጭቃ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያስነጠሰው ይሰማኛል።"

"አራተኛው ዙርስ?"

"ስሜ ገብቷል። ያ ዐብዱልአዚዝ ምንም ሳይል ጻፈው። ከገና በኋላ ነው አሉ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሥራስ አገኘህ?"

ሰለሐዲን ክፍሉን አየ። ፍራሾቹ ራቁታቸውን ናቸው።

"አገኘሁ" አለ።

ምን እንዳናገረው አላወቀም። ከማዶ ሦስት ጊዜ "አልሐምዱሊላህ" ሲባል ሰማ፤ ሦስተኛው ላይ እያለቀሰች ነበር።

"እንግዲያው በቃ፣ ኸላስ" አለች፤ ቃሏ የሱ ናት፣ ከሱ የተማረቻት። "ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ። ስሜን ሰርዙት፣ ለኢኽላስ ስጡት እላለሁ፤ አራት ልጅ ይዛ ከዝርዝር ወጥታለች። ልጄ ተገኘ እላቸዋለሁ። በሕዝብ ፊት ነው የምለው። ያን ሁሉ እጅ ያወጣ ይስማኝ።"

ልጄ ተገኘ። ሰለሐዲን ቃሉን በጆሮው ይዞ ቆየ። ሻርጃም ይሰማል። ሙሐመድአወል ይደውላል፤ የት ነበርክ አንተ ይላል። አንድ ሰሞን ነው፣ ሥራም ይገኝ ይሆናል። ተዋት፣ ትበል፣ እኔም ልገኝ የሚል ነገር ውስጡ ነበር።

"ማሽላው እስከ መቼ ያደርሳል?" አላት።

"ያደርሳል።"

"እስከ መቼ፣ እማዬ?"

"... እስከ ጥር አጋማሽ።"

"ሽንኩርቱስ?"

"የካቲት መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ምን ቸገረህ፣ አንተ ሥራ ከያዝክ?"

የላይኛውን አልጋ ብረት ያዘ።

"አልያዝኩም" አለ። "ዋሽቼሽ ነው። ሥራ ያገኘው ጓደኛዬ ነው፤ እኔ እዚያው ነኝ።"

ካርዱ እየቆጠረ ነበር፤ እሱም አልዘጋም። ዶሮዋ ሁለት ጊዜ ጮኸች። ከዚያ ሰዓዲያ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ፤ ጎረቤት የሚሰማው ያ የስብሰባ ድምፅዋ ተመለሰ።

"እሺ" አለች። "እንግዲያው ትንሽ ጠፍተህ ቆይ። ዓርብ ዓርብ ግን ስልክ ተሳሳት።"

"እሺ፣ እማማ" አላት፤ ለማያውቋት ሴት እንደሚባለው።